ስንት ድምፅ በአንድ ጊዜ? ለባንድ ቀረጻ የሚሆን ኦዲዮ ኢንተርፌስ አመራረጥ በፊዚክስ ዓይን

መግቢያ

ሙዚቃን በጥራት መቅረጽ በአንድ ወቅት ሰፊ ስቱዲዮና ከባድ መሣሪያ ለነበራቸው ድርጅቶች ብቻ የተተወ ሥራ ነበር። ዛሬ ግን አንድ ኮምፒዩተር፣ ጥቂት ማይክሮፎኖችና በመካከላቸው የሚቀመጥ አንድ አነስተኛ ሣጥን እስካሉ ድረስ የአንድ ባንድ ሙዚቃ በመኖሪያ ቤት ሳሎን ውስጥ ሊቀረጽ ይችላል። ይህ ሣጥን ኦዲዮ ኢንተርፌስ ይባላል፤ በስቱዲዮ ሠራተኞች ዘንድ «ሳውንድ ካርድ» እየተባለም ይጠራል። ተግባሩም ከማይክሮፎን የሚመጣውን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት አጉልቶና ወደ ቁጥር ለውጦ ለኮምፒዩተሩ ማቀበል፣ እንዲሁም ከኮምፒዩተሩ የሚወጣውን ቁጥር መልሶ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት በመለወጥ ለድምፅ ማጉያና ለጆሮ ማዳመጫ ማድረስ ነው።

ገንዘባቸውን አዋጥተው ይህን መሣሪያ ለመግዛት የሚነሡ ወጣት ሙዚቀኞች በመጀመሪያ የሚያጋጥማቸው በማሸጊያው ላይ በጉልህ የታተመ የቁጥር ብዛት ነው፤ «192 ኪሎኸርዝ»፣ «24 ቢት»፣ «18 ግቤት» እና የመሳሰሉት። ቁጥሩ የበዛው ሁሉ የተሻለ ነው ብሎ መገመት ቀላል ነው። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ቁጥሮች አንዳንዶቹ ከሰው ጆሮ ወሰን አልፈው የሚሄዱ ሲሆኑ፣ ሌሎቹ ደግሞ ካልተሟሉ ቀረጻው ከመነሻው የሚሰናከልባቸው ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የትኛው ቁጥር ወሳኝ፣ የትኛውስ ጌጥ እንደሆነ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በተማርነው ፊዚክስ እየታገዝን እንመረምራለን።

1. ድምፆችን ለየብቻ መቅረጽ ለምን አስፈለገ?

ሁለት ቁጥሮች ተደምረው 12 ሆኑ ቢባል፣ ቁጥሮቹ እነማን እንደነበሩ ከድምሩ ብቻ ማወቅ አይቻልም። 7 እና 5፣ ወይም 10 እና 2፣ ወይም ሌላ ሊሆኑ ይችላሉና። የድምፅ ሞገድም እንዲሁ ነው። የከበሮና የማሲንቆ ድምፅ በአንድ ማይክሮፎን ላይ ሲያርፉ በእያንዳንዱ ቅጽበት የአየር ግፊታቸው ይደመራል፤ የሚቀረጸውም ድምሩ ነው። በኋላ «ማሲንቆው ትንሽ ከፍ ይበል» ቢባል ከበሮውም አብሮ ይጮኻል።

መፍትሔው እያንዳንዱን መሣሪያ በየራሱ መስመር፣ ማለትም በየራሱ ትራክ መቅረጽ ነው። ይህ አሠራር የቆየ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1957 አምፔክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለጊታር ተጫዋቹ ለሌስ ፖል ስምንት ትራክ ያለው የቴፕ መቅረጫ ሠርቶ አስረከበ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ቢትልስ «ሳርጀንት ፔፐርስ» በሚል አጭር ስም የሚታወቀውን አልበማቸውን የሠሩት ግን በዋነኛነት በአራት ትራክ መሣሪያዎች ነበር። ትራክ ሲያልቅባቸው የሞሉትን ትራኮች ወደ አንድ እያቀላቀሉ ቦታ ማስለቀቅ ግድ ይሆንባቸው ነበር፤ አንድ ጊዜ ከተቀላቀለ በኋላም መመለሻ አልነበረም።

እርግጥ ነው፣ ዛሬ የተቀላቀለ ድምፅን የሚለያዩ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው «ናው ኤንድ ዜን» የተሰኘው የቢትልስ ዘፈን የጆን ሌነንን ድምፅ ከአሮጌ ካሴት ላይ፣ ከፒያኖው ለይቶ በማውጣት የተሠራ ነው። ይሁን እንጂ እነዚህ ፕሮግራሞች የሚሰጡት ግምት ነው፤ ከብዙ ሙዚቃ የተማሩትን አብነት ተከትለው «ይህ ክፍል የድምፃዊው ሳይሆን አይቀርም» ይላሉ። ስለዚህ ለቆየ ቅርስ ማዳኛ እጅግ ጠቃሚ ቢሆኑም፣ ነገ ለሚቀረጽ ሙዚቃ ግን ከመጀመሪያው ለያይቶ መቅረጽን አይተኩም።

2. የመጀመሪያው ቁጥር፦ የማይክሮፎን ግቤቶች ብዛት

ከዚህ በመነሣት የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ድምፅ በአንድ ጊዜ መቅረጽ አለብን?» የሚለው ይሆናል። ለምሳሌ ያህል ድራም፣ ቤዝ ጊታር፣ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ኪቦርድ፣ ሳክስፎንና ድምፃዊ ያሉበትን አንድ ባንድ እንውሰድ። ድራሙ ብቻውን ቢያንስ አራት ማይክሮፎን ይፈልጋል፤ አንድ ለትልቁ የእግር ከበሮ፣ አንድ ለስኔር፣ ሁለት ደግሞ ከላይ ለሲምባሎቹና ለአጠቃላዩ ድምፅ። ቤዝ ጊታር፣ ክራርና ማሲንቆ አንድ አንድ ቢይዙ ሰባት ይሆናል። ሳክስፎን አንድ፣ ኪቦርድ በስቴሪዮ ሁለት፣ ድምፃዊው አንድ ሲጨመር ድምሩ 11 ይደርሳል።

ታዲያ 11 ግቤት ያስፈልጋል ማለት ነውን? አያስፈልግም። እርስ በርስ እየተደማመጡ፣ አንዱ የሌላውን ምት እየተከተለ መጫወት ያለባቸውን መለየት ይበቃል። የሙዚቃው ትንፋሽ በድራም፣ በቤዝ፣ በክራርና በማሲንቆ መካከል የሚፈጠር ከሆነ ለእነዚህ ሰባት ግቤት፣ ለመሪ ያህል ለሚዘፍነው ድምፃዊ አንድ ግቤት፣ በጠቅላላው ስምንት ይበቃል። ኪቦርዱ፣ ሳክስፎኑና የድምፃዊው የመጨረሻ ዜማ የተቀረጸውን በጆሮ ማዳመጫ እያዳመጡ በኋላ ሊታከሉ ይችላሉ። በአንጻሩ ሁለት ግቤት ብቻ ያለው መሣሪያ ለብቻው ለሚሠራ አቀናባሪ ምቹ ቢሆንም፣ ድራምን እንኳ በወጉ መቅረጽ አይችልም።

እዚህ ላይ የገበያውን አቆጣጠር ማወቅ ይጠቅማል። ፎከስራይት የተባለው ኩባንያ «ስካርሌት 18አይ20» ብሎ የሰየመው መሣሪያ 18 ግቤትና 20 ውጤት አለው ማለት ነው። ይሁን እንጂ ከ18ቱ ማይክሮፎን በቀጥታ የሚቀበሉት ስምንቱ ብቻ ናቸው። የቀሩት አሥሩ ዲጂታል ግቤቶች ስለሆኑ ሌላ መሣሪያ ካልተገዛላቸው ሥራ አይሠሩም። የቤሪንገር «ዩኤምሲ1820» አቆጣጠርም ተመሳሳይ ነው። በሌላ በኩል የዚሁ ኩባንያ «ኤክስአር18» የተባለው ዲጂታል ሚክሰር 16 የማይክሮፎን ግቤት ሲኖረው፣ ድምፆቹን ለየብቻ በዩኤስቢ ለኮምፒዩተር ያቀብላል። ስለዚህ ገዢው መጠየቅ ያለበት «ስንት ግቤት አለው?» ብሎ ሳይሆን «ስንት የማይክሮፎን ፕሪአምፕ አለው?» ብሎ ነው። ፕሪአምፕ ማለት ደካማውን የማይክሮፎን ምልክት ቀድሞ የሚያጎላው የውስጥ ክፍል ነው።

3. የናሙና ድግግሞሽ፦ 192 ከ48 ይበልጣልን?

ድምፅ ወደ ቁጥር የሚለወጠው በየተወሰነው ቅጽበት የሞገዱን ከፍታ በመለካት ነው። በአንድ ሰከንድ የሚወሰደው የልኬት ብዛት የናሙና ድግግሞሽ ይባላል። ሃሪ ናይኲስት እ.ኤ.አ. በ1928 መሠረቱን የጣለውና ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1949 በተሟላ መልኩ ያቀረበው ሕግ እንዲህ ይላል፦ የናሙናው ድግግሞሽ በሞገዱ ውስጥ ካለው ከፍተኛ ድግግሞሽ እጥፍ በላይ ከሆነ፣ ሞገዱ ከናሙናዎቹ ያለ ጉድለት ተመልሶ ሊገነባ ይችላል።

ይህን ሕግ ብዙ ሰዎች በተሳሳተ መንገድ ይረዱታል። በናሙናዎቹ መካከል የጠፋ ድምፅ ያለ፣ ናሙናውም በበዛ ቁጥር ክፍተቱ የሚሞላ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ከተባለው ወሰን በታች የጠፋ ነገር የለም፤ በነጥቦቹ መካከል ሊያልፍ የሚችለው ሞገድ አንድና አንድ ብቻ ነውና።

የጤናማ ወጣት ጆሮ የሚሰማው ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ የቀረበው ሲዲ በሰከንድ 44,100 ናሙና እንዲይዝ የተደረገውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ግማሹ 22,050 ስለሆነ የጆሮን ወሰን ይሸፍናል። 48,000 ደግሞ ትንሽ ትርፍ ይሰጣል። 192,000 ናሙና እስከ 96,000 ኸርዝ የሚደርስ ድምፅ ይይዛል፤ ይህን የሌሊት ወፍ ትሰማው ይሆናል እንጂ ሰው አይሰማውም።

ዋጋው ግን ይሰማል። በ48,000 ናሙናና በ24 ቢት አንድ ትራክ በሰከንድ 144,000 ባይት ይፈጃል። ስምንት ትራክ ለአንድ ሰዓት ሲቀረጽ 4.1 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። በ192,000 ናሙና ግን ያው ሙዚቃ 16.6 ጊጋባይት ይወስዳል። ከዚህም ሌላ፣ አዳት የተባለው የብርሃን መስመር በ48,000 ናሙና ስምንት ድምፅ ሲያስተላልፍ በ96,000 የሚያስተላልፈው አራት ብቻ ነው። እንግዲህ የማይሰማ ድግግሞሽ ለማትረፍ የሚሰማ ትራክ መክፈል ይሆናል።

4. ቢት እና ኖይዝ

እያንዳንዱ ልኬት የሚጻፍበት የቁጥር ርዝመት በቢት ይለካል። አንድ ቢት ሲጨመር በጣም ዝቅተኛውና በጣም ከፍተኛው ድምፅ ያላቸው ርቀት በ6 ዴሲቤል ገደማ ይሰፋል። ስለዚህ 16 ቢት 96 ዴሲቤል፣ 24 ቢት ደግሞ 144 ዴሲቤል ይሰጣሉ። ጸጥ ያለ የመኖሪያ ክፍል እንኳ ከ30 እስከ 40 ዴሲቤል የሚደርስ የራሱ ድምፅ አለው፤ በቅርብ የሚመታ ድራም 110 ቢደርስ ልዩነቱ ከ80 አይበልጥም። ታዲያ 16 ቢት ለምን አልበቃም?

መልሱ ከጥንቃቄ ጋር የተያያዘ ነው። ድራም መቺው በስሜት ተነሣሥቶ ከልምምዱ ይልቅ አጠንክሮ ቢመታ፣ ምልክቱ ከመሣሪያው ጣሪያ በላይ ሲወጣ የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል፤ ይህም የማይጠገን ጉዳት ነው። በ24 ቢት ግን ከፍተኛው ምት ከጣሪያው 12 ዴሲቤል ዝቅ እንዲል አድርጎ መቅረጽ ይቻላል፤ የሚከፈለው ሁለት ቢት ብቻ ነው።

24ቱም ቢት ግን በእርግጥ አይሠሩም። በማንኛውም ሬዚስተር ውስጥ ኤሌክትሮኖች በሙቀት ምክንያት ያለ ሥርዓት ይንቀሳቀሳሉ፤ ይህም ስንቀዳው «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ የሚሰጥ ጥቃቅን ቮልቴጅ ይፈጥራል። የስቱዲዮ ሰዎች ኖይዝ ይሉታል። ጆን ጆንሰን ለክቶት፣ ያው ናይኲስት በዚያው በ1928 ያብራራው ቀመር እንዲህ ነው፦ የኖይዙ ቮልቴጅ ስኩዌር ከ4 ጊዜ የቦልትዝማን ቋሚ ቁጥር፣ ጊዜ የሙቀት መጠን በኬልቪን፣ ጊዜ ሬዚስታንስ፣ ጊዜ የድግግሞሽ ስፋት ጋር እኩል ነው። 150 ኦም ላለው ማይክሮፎን በ300 ኬልቪንና በ20,000 ኸርዝ ስፋት ብናሰላው 0.22 ማይክሮቮልት ገደማ እናገኛለን። ይህን ፕሪአምፑ 100 ጊዜ ሲያጎላው 22 ማይክሮቮልት ይሆናል። ለዋጩ በጠቅላላው 10 ቮልት የሚያስተናግድ ከሆነ የ24 ቢት አንድ ደረጃ 0.6 ማይክሮቮልት ብቻ ነው። እንግዲህ የማይክሮፎኑ ኖይዝ ብቻውን ወደ 37 ደረጃዎች ያህል ይሸፍናል፤ በሌላ አነጋገር የመጨረሻዎቹ አምስት ቢቶች የሚመዘግቡት የኤሌክትሮኖችን ውዝዋዜ ነው።

ከዚህ የምንማረው፣ ጥራትን የሚወስነው በማሸጊያው ላይ የተጻፈው የቢት ቁጥር ሳይሆን ፕሪአምፑ በዚህ ተፈጥሯዊ ኖይዝ ላይ የሚጨምረው የራሱ ኖይዝ መሆኑን ነው። አምራቾች ይህን «ወደ ግቤት የተመለሰ ኖይዝ» ብለው ይገልጹታል። ለ150 ኦም የተፈጥሮ ወሰኑ በዲቢዩ መለኪያ -131 ገደማ ስለሆነ፣ -128 አካባቢ ያለው መሣሪያ ለወሰኑ እጅግ የቀረበ ነው። እንደ ማሲንቆ ያለ ለስላሳ መሣሪያ በዳይናሚክ ማይክሮፎን ሲቀረጽ ደግሞ ፕሪአምፑ 60 ዴሲቤል፣ ማለትም 1,000 ጊዜ፣ ማጉላት ቢችል ይመረጣል።

5. ክራርና ቤዝ ጊታር በየትኛው ቀዳዳ?

ኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታርና ፒክአፕ የተገጠመለት ክራር ከማይክሮፎን የሚለዩት በኢምፒዳንሳቸው ነው። ፒክአፑ 10 ኪሎኦም፣ የማይክሮፎን ግቤቱ ደግሞ 2 ኪሎኦም ቢሆን፣ በተከታታይ የተያያዙ ሬዚስተሮች ቮልቴጅን እንዴት እንደሚካፈሉ የተማርነውን እናስታውስ። ግቤቱ የሚደርሰው 2 ሲካፈል ለ12፣ ማለትም አንድ ስድስተኛው ብቻ ነው። 1 ሜጋኦም ባለው የመሣሪያ ግቤት ላይ ግን 99 ከመቶው ይደርሳል። ስለዚህ በኢንተርፌሱ ላይ ቢያንስ ሁለት እንዲህ ያሉ ግቤቶች መኖራቸውን ማረጋገጥ ይገባል፤ ካልሆነ ዳይሬክት ቦክስ የተባለውን ማስማሚያ መግዛት ግድ ይሆናል።

6. መዘግየት

ሳክስፎን ተጫዋቹ ቀድሞ የተቀረጸውን እያዳመጠ የራሱን ሲጨምር፣ ድምፁ በኮምፒዩተሩ ውስጥ አልፎ ወደ ጆሮው እስኪመለስ ጊዜ ይወስዳል። ኮምፒዩተሩ ናሙናዎችን አንድ በአንድ ሳይሆን በጥቅል ስለሚቀበል ነው። ጥቅሉ 256 ናሙና ከሆነ በ48,000 ናሙና 5.3 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴልሲየስ በሰከንድ 343 ሜትር ስለሚጓዝ፣ ይህ ከድምፅ ማጉያ 1.8 ሜትር ርቆ እንደ መቆም ነው። ለመግባትና ለመውጣት ሲታሰብ 3.7 ሜትር ያህል ይሆናል፤ በመድረክ ላይ የተለመደ ርቀት ነው። ጥቅሉ 1,024 ከሆነ ግን የደርሶ መልሱ መዘግየት ከ42 ሚሊሰከንድ ይበልጣል፤ ይህም ከ14 ሜትር በላይ ርቆ እንደ መጫወት ስለሆነ ምቱን ያዛባል።

ለዚህ ሁለት መፍትሔ አለ። አንዱ ጥቅሉን ማሳነስ ሲሆን፣ ኮምፒዩተሩ ደካማ ከሆነ ድምፁ ይቆራረጣል። ሌላውና አስተማማኙ፣ ድምፁ ኮምፒዩተሩን ሳይነካ ከግቤቱ በቀጥታ ወደ ጆሮ ማዳመጫ የሚሄድበትን መንገድ የያዘ ኢንተርፌስ መምረጥ ነው። የቆየ ኮምፒዩተር ላላቸው ወጣቶች ይህ ከ192 ኪሎኸርዝ እጅግ የሚበልጥ ጥቅም ነው።

7. ኃይልና ሰዓት

ኮንዴንሰር ማይክሮፎኖች ፋንተም ፓወር የሚባል 48 ቮልት ከኢንተርፌሱ ይቀበላሉ። በደረጃው መሠረት እያንዳንዱ እስከ 10 ሚሊአምፒር ሊወስድ ይችላል፤ ይህም 0.48 ዋት ነው። ለስምንት ማይክሮፎን 3.84 ዋት ይሆናል። የዩኤስቢ 2.0 መስመር የሚሰጠው ግን 5 ቮልት በ0.5 አምፒር፣ ማለትም 2.5 ዋት ብቻ ነው። ስምንት ፕሪአምፕ ያላቸው መሣሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸውን የኃይል ገመድ የሚፈልጉት ለዚህ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ላፕቶፑ በባትሪው ሲቀጥል ኢንተርፌሱ ይጠፋል፤ ስለሆነም ለዩፒኤስ የሚሆን ገንዘብ ከወዲሁ መታሰብ አለበት። መረጃ በማስተላለፍ ረገድ ግን ዩኤስቢ 2.0 አያንስም። ስምንት ትራክ በሰከንድ 9.2 ሜጋቢት ሲፈልግ፣ የመስመሩ አቅም 480 ሜጋቢት ነው።

«ሁለት ሁለት ግቤት ያላቸውን አራት ርካሽ መሣሪያዎች ብንገዛ ስምንት አይሆንም ወይ?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። እያንዳንዱ መሣሪያ ናሙና የሚወስደው በራሱ የኳርትዝ ሰዓት እየተመራ ነው፤ ሁለት ኳርትዞች ደግሞ ፍጹም እኩል አይሄዱም። ልዩነታቸው ከሚሊዮን 20 እጅ ቢሆን፣ በአምስት ደቂቃ ዘፈን መጨረሻ ላይ 6 ሚሊሰከንድ፣ በአንድ ሰዓት ደግሞ 72 ሚሊሰከንድ ይለያያሉ። ሰዓታቸውን በገመድ የሚያስተሳስሩ መሣሪያዎች ይህ ችግር የለባቸውም፤ ርካሾቹ ግን ብዙውን ጊዜ ይህ መስመር የላቸውም። ለማደግ የሚያስብ ባንድ አዳት ግቤት ያለው ባለ ስምንት መሣሪያ ቢገዛ፣ ወደፊት ሌላ ባለ ስምንት ፕሪአምፕ በማገናኘት በአንድ ሰዓት የሚመሩ 16 ግቤቶች ያገኛል።

ማጠቃለያ

እንግዲህ የምርጫው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው። በመጀመሪያ በአንድ ጊዜ የሚቀረጹትን ድምፆች እንቁጠር፤ ከዚያ ለዚያ የሚበቃ የማይክሮፎን ፕሪአምፕ እንፈልግ። ቀጥለን የፕሪአምፑን ኖይዝና የማጉላት አቅም፣ የመሣሪያ ግቤቶችን፣ ቀጥታ ማዳመጫ መኖሩን፣ የኃይል አቅርቦቱንና የማደጊያ መስመሩን እንመልከት። የናሙና ድግግሞሽ ከሁሉም በኋላ ይመጣል፤ 48,000 እስካለ ድረስ ሌላው ትርፍ ነው። የተረፈውም ገንዘብ በማይክሮፎን፣ በገመድና የክፍሉን ማስተጋባት በሚቀንስ ወፍራም መጋረጃ ላይ ቢውል ውጤቱ በጆሮ ይታወቃል። አንድ ጥሩ ድራም መቺና አንድ ጥሩ ማሲንቆ ተጫዋች አብረው የተጫወቱበት ምሽት ተመልሶ አይመጣም፤ ተለይቶ ካልተቀረጸም ድምሩ ብቻ ይቀራል።

መለማመጃ ጥያቄዎች

ሀ) 12 ትራክ በ48,000 ናሙናና በ24 ቢት ለ40 ደቂቃ ቢቀረጽ ስንት ጊጋባይት ይፈጃል?

ለ) የጥቅሉ መጠን 512 ናሙና ቢሆን የአንድ መንገድ መዘግየቱ በ48,000 ናሙና ስንት ሚሊሰከንድ፣ በድምፅ ጉዞስ ስንት ሜትር ነው?

ሐ) 15 ኪሎኦም ያለው ፒክአፕ 1.5 ኪሎኦም ካለው ግቤት ጋር ቢገናኝ ከቮልቴጁ ምን ያህሉ ይደርሳል?

መልስ፦ ሀ) 4.15 ጊጋባይት ገደማ፤ ለ) 10.7 ሚሊሰከንድ፣ 3.7 ሜትር ገደማ፤ ሐ) አንድ አሥራ አንደኛው።